ሸሸርና ወላላ ድሮ እንዴት ነበሩ? የፎገራ ሰዎች ንገሩኝ

የእማዬ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የፎገራ ልጅ ናት፤ ያደገችው ከወረታ ወደ ጣና በሚወስደው ሜዳ ላይ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ልጆች ሆነን እዚያው ሜዳ ላይ ስለነበረው ሸሸር ስለሚባለው ረግረግ ስታወራልን "ከወፉ ጩኸት የተነሳ ጎን ለጎን ቆመን አንደማመጥም" ትለን ነበር። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ማሳ ስለሚገባ አባቷ ጅራፍ ሲያጮህ ያድር እንደነበር ትነግረናለች። የበዓል ቄጠማ ከዚያው ይታጨዳል፣ አምባዛ በእጅ ይያዛል። ይህን ሁሉ ስሰማ ነው ያደግኩት።

ባለፈው ጥር ለሰርግ ሄጄ "ሸሸርን አሳዩኝ" አልኩ። የአጎቴ ልጅ በባጃጅ ወሰደኝና "ይኸውልሽ" አለኝ። ያየሁት እስከ ዓይኔ ድረስ የተዘረጋ የሽንኩርት ማሳ ነው። የውሃ ፓምፕ ይጮሃል፤ መድኃኒት የሚረጩ ልጆች አሉ። ከቦይ ዳር ጥቂት ነጫጭ ወፎች ቆመዋል፤ ሌላ ምንም የለም። ፎቶውን ለእማዬ ሳሳያት "ይሄ ሌላ ቦታ ነው" ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

እናንተ የምታውቁት ንገሩኝ። ውሃው የት ሄደ? ደግሞ ራሷ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያላት፣ የምትጨፍር ትልቅ ወፍ ነበረች ትላለች። ዛሬ የት ትገኛለች? ዘንድሮ እናቴን ይዤ ሄጄ ባሳያት ደስ ይለኛል።

ወረታ በር፦

እኅቴ፣ ቦታው እሱው ነው፣ ዘመድሽ አልተሳሳተም። በጥር ስለሄድሽ ነው። በነሐሴ ብትመጪ ሜዳው ዛሬም ውሃ ይተኛበታል። ድሮ ግን ያ ውሃ እስከ በጋው ማብቂያ ይቆይ ነበር። አሁን ጥቅምት ኅዳር ላይ ፓምፕ ይገባበታል፤ በጥር ሽንኩርት ነው። የኔ ትውልድ ወላላንም ሸሸርንም እንደ እርሻ ነው የሚያውቃቸው። ስለ ድሮው የወላላ እረኛ ቢጽፉልሽ ይሻላል፤ ጋሼ፣ ካሉ ብቅ ይበሉ።

የወላላ እረኛ፦

አለሁ። እናትሽ ያለችው አንድም አልተጋነነም፣ ልጄ። እኔም በዚያው ሜዳ ከብት እየጠበቅኩ ነው ያደግኩት፤ ጊዜው የንጉሡ መጨረሻና የደርግ መጀመሪያ ነው።

መጀመሪያ ውሃውን ላስረዳሽ፤ እሱ ካልገባ ሌላው አይገባም። ሸሸርና ወላላ ራሳቸውን የቻሉ ሐይቆች አልነበሩም። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከተራራው ደለል ይዘው ይመጡና ሜዳው ላይ ሲደርሱ ከአፋቸው ይፈሳሉ። በዚያ ላይ ጣና ራሱ ሞልቶ ወደ ሜዳው ይገፋል። መስከረም ላይ ከቤታችን ደጃፍ እስከ ሐይቁ አንድ ውሃ ነበር ማለት ይቻላል። ከጥቅምት በኋላ ውሃው ቀስ እያለ ይሸሻል፤ ጎድጎድ ባሉት ቦታዎች ላይ ግን ይቀራል። የቀረው ነው ሸሸርና ወላላ የሚባለው።

ገበሬው ያንን የሚሸሽ ውሃ እየተከተለ ይዘራ ነበር። ባሕር ሽሽ እንለዋለን። እርጥቡ መሬት ላይ ጓያና ሽምብራ ይበተናል፤ ዝናብም መስኖም ሳይፈልግ ይበቅላል። ስለዚህ ድሮም እርሻ ነበር። አንዳንድ ሰው "ሰውና ወፍ አብሮ አይኖርም" ሲል ስሰማ የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። አብረን ኖረናል። ገበሬው አጭዶ ሲጨርስ የወደቀውን ሽምብራ ወፎቹ ይለቅማሉ፤ በኩሳቸው መሬቱን አስብተው ይሄዳሉ።

ወደ ጠየቅሽኝ ወፍ ልምጣ። ዘውድ ያላት እውነት ነው፤ ወርቅ የሚመስል ችፍርግ ራሷ ላይ ቆሞ ይታያል። ሰውነቷ ጥቁር፣ ክንፏ ስትዘረጋው ነጭ ነው፤ ጉንጯ ላይ ነጭና ቀይ አለ። ወንድና ሴት ተለያይተው አይሄዱም። ጭፈራው ድንገት ነው የሚጀመረው። አንዱ አንገቱን ዝቅ ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ ክንፉን ዘርግቶ ወደ ላይ ይዘላል፤ ሌላዋ ትመልስለታለች። እኛ እረኞቹ በትራችንን ተደግፈን እናያለን።

ጎጆዋን ከቅርብ አይቻለሁ። በክረምት፣ ውሃው ጉልበት በሚደርስበት ሣር መካከል ትገባና ሣሩን እየረገጠች ታነጥፈዋለች። ዙሪያው ውሃ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ሦስት እንቁላል ትጥላለች። ያ ውሃ አጥሯ ነው፤ ውሻም ቀበሮም አይደፍረውም። እንግዲህ ውሃው ያለ ጊዜው ሲሄድባት አስቢው። ጎጆው ደረቅ ሜዳ ላይ ይቀራል። ጫጩቶቹ ገና መብረር አይችሉም። ውሻ ይበላቸዋል፣ ልጅ ይይዛቸዋል። ማንም በጥይት አልጨረሳትም፤ የምትፈለፍልበትን ውሃ ነው ያጣችው።

አምባዛ በእጅ ይያዛል የተባለውም እውነት ነው። ውሃው እየጠበበ ሲሄድ ጭቃው ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። እግርሽ ሥር ሲንሸራተት ይታወቅሻል። ጎንበስ ብለሽ ራሱን ጫን አድርገሽ መያዝ ነው፤ ከጎንና ከጎኑ ያለው እሾህ ግን ከወጋሽ እጅሽ አብጦ ያድራል። አርጃኖው ደግሞ ዳር ዳሩን እየሄደ ከእኛ የተረፈውን ይጠብቃል።

የፎገራ ከብት ጥቁርና ነጭ ነው፤ እስከ ሆዱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይግጣል። ሌላ አገር ከብት እንዲያ አድርጊው ቢባል በሳምንት ይታመማል። ወተቷ የተመሰገነች ላም ነበረች። የዛሬን አያርገውና ግጦሹ ሰፊ ስለነበር ማንም ስለ ድርቆሽ አይጨነቅም።

ከዚያ ምን ሆነ ላልሽው፣ አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝ አስተማሩ። ብዙው ሰው መጀመሪያ አልተቀበለውም ነበር፤ ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው በደንብ የተስፋፋው። ግጦሹ ወደ ሩዝ ተቀየረ። በ1995 ዝናብ ጠፍቶ ጣና በጣም ሲጎድል ሰው ሐይቁ የለቀቀውን መሬት ተከትሎ ገባ፤ ደንገሉን መንጥሮ አረሰ። በ1998 ደግሞ ከባድ ጎርፍ መጣ፤ ቤት ፈረሰ፣ ሰው ተፈናቀለ። ወንዙን በአፈር መከተር ግድ ሆነ። ሲከተር ደለሉ ሜዳው ላይ መበተኑ ቀርቶ ወንዙ ውስጥ ይተኛል፤ ወለሉ ከፍ ይላል፤ ክረምት ሲመጣ በሌላ በኩል ይሰብራል። በላዩ ላይ አሜኬላ የሚባለው እሾሃማ አረም የቀረውን ግጦሽ ያዘው።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ፓምፑ ነው። ድሮ ገበሬው የሚሸሸውን ውሃ ይከተላል። አሁን ሞተሩ ውሃውን ያባርረዋል። ለወፉም ለዓሣውም ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

ጣና ዳር፦

ጋሼ የተናገሩትን በዓሣ በኩል ልሙላው። ሥራዬ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ ባሕር ዳር ነው የምኖረው።

አምባዛ በክረምት ጎርፉን ተከትሎ ወደ ሜዳው የሚወጣው ለመራባት ነው። እንቁላሉን ጥልቀት በሌለው፣ ሣር ባለበት ውሃ ይጥላል። ጫጩቶቹ እዚያ አድገው ነው ወደ ሐይቁ የሚመለሱት። ሸሸርና ወላላ ለጣና የዓሣ ማሳደጊያ ነበሩ። ነጭ ዓሣ የምንለው ደግሞ ሌላ ነው። በዓለም ላይ ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ 15 ያህል ዝርያዎች አሉት። በርካቶቹ በነሐሴና በመስከረም ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወጥተው ጠጠር ባለበት ወራጅ ውሃ ይራባሉ። ልክ በዚያን ሰዓት የወንዙን አፍ በመረብ የሚዘጋ ሰው አለ። ብርብራ ወቅጦ ወንዝ ውስጥ የሚበትንም አለ፤ ያ ትልቁንም ትንሹንም ያሰክራል። የሚራባውን ዓሣ መንገድ ላይ መጨረስ ማለት ነው።

እንቦጭን ደግሞ ማንም አይረሳውም። በ2004 በሰሜኑ ዳርቻ በመገጭ አፍ በኩል ታየ፤ ወደ ደምቢያ፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ደረሰ። በ2010 ከየከተማው በአውቶቡስ እየመጣ ሕዝቡ በእጁ ሲነቅል ነበር። እኔም ነቅያለሁ። ቁራጩ ውሃው ውስጥ ከቀረ እንደገና ይበቅላል። እንቦጭ የሚወፍረው ከማሳ ታጥቦ በሚመጣው ማዳበሪያና ደለል ነው። ያንን የሚያጣራው ደንገሉና ፊላው ነበር። እነሱን መንጥረን እንቦጭን ብቻ መንቀል የማያልቅ ሥራ ነው።

ጣናና ዙሪያው በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ዘውዳማዋም ወፍ (በእንግሊዝኛ ብላክ ክራውንድ ክሬን የምትባለው) ከሴኔጋል እስከ እኛ ድረስ ባለው መሬት ሁሉ ቁጥሯ እየወረደ ስለሆነ ለመጥፋት ከተጋለጡት ጋር ተመዝግባለች። መዝገቡ ጥሩ ነው፤ ፓምፑን የሚያቆመው ግን መዝገብ ሳይሆን እዚያው ቀበሌ ላይ የሚደረግ ስምምነት ነው።

የሩዝ ቤት ልጅ፦

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን የኛንም ወገን ስሙ። አባቴ መሬቱ ግማሽ ዓመት ውሃ የሚተኛበት ገበሬ ነው። ከሩዝ በፊት በክረምት የምንበላው ያጥረን ነበር፤ እሱ ራሱ ነው የሚናገረው። ነጭ ወርቅ የተባለው በከንቱ አይደለም። እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በሩዝና በሽንኩርት ብር ነው። እንጀራችንም ሩዝ ከጤፍ ተቀላቅሎ ነው የሚጋገረው። "ፓምፑ ይቁም" ማለት ለሚጽፍ ሰው ቀላል ነው። አባቴ ፓምፑን ካቆመ ታናናሾቼ በምን ይማራሉ?

የወላላ እረኛ፦

ልጄ፣ አባትህን አልወቅስም። እኔም ቤት ሩዝ ይበላል። በረሃብ ጊዜ የነበረውን ሁሉ አይቻለሁና "ድሮ ይመለስ" የሚል ሰው ከሆንኩ ውሸታም ነኝ።

ሩዝ ውሃ ወዳድ ነው። የክረምቱ ሩዝ ሜዳ ለወፍ ጠላት አይደለም፤ ውሃ የተኛበት ማሳ ውስጥ ወፎች ሲመገቡ አንተም ታያለህ። የኔ ጥያቄ በበጋ የምትቀረው ያቺ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ነው። እሷ የማንም የግል ርስት አልነበረችም። የጋራ ግጦሽ፣ የጋራ ውሃ ነበረች። ፓምፕ ያለው ቀድሞ ደረሰና ወሰዳት። ፓምፕ የሌለው ጎረቤትህ ላሙን የት ይወስዳት? የፎገራ ላም እኮ ከወፏ ጋር ነው እያለቀች ያለችው፤ ዛሬ ዘሯን ለማቆየት በማርቢያ ጣቢያ ነው የምትጠበቀው።

ሽማግሌዎቹ ድሮ "እስከዚህ ድረስ እረስ፣ ከዚህ ወዲያ የከብት ነው" ብለው ወሰን ነበራቸው። ያንን ወሰን ወደ ቦታው መመለስ አባትህን አያስርበውም። ከጎድጓዳው መሃል ጥቂት ውሃ እስከ መጋቢት ቢተው ለከብትም ለአምባዛም ለወፍም ይበቃል። ይህን የምልህ ተስፋ ቆርጬ ስላልሆነ ነው።

የሩዝ ቤት ልጅ፦

ጋሼ፣ በዚህ እስማማለሁ። የጋራ የነበረውን መሬት ማን እንደያዘው እኛም ቤት ይወራል። አባቴን አወራዋለሁ።

የእማዬ ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጋሼን ጽሑፍ ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። እሾሁ ጋ ስደርስ እጇን ዘርግታ "እዚህ ጋ ነው የወጋኝ" አለችኝ፤ ይህንን ነግራን አታውቅም። እህል ሲበስል ወፍ ለመጠበቅ የሚወጣበት ማማ እንደነበርም ጨመረችልኝ። አሁን "እንሂድ" የምትለው እሷ ናት። በየትኛው ወር፣ በየት በኩል እንሂድ?

ጣና ዳር፦

ታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ጥሩ ነው። በዚያን ጊዜ ከሩሲያና ከፊንላንድ አካባቢ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡት ግራጫ ረጃጅም ወፎችም ይኖራሉ። ዘውዳማዎቹም ከነሱ ጋር ተቀላቅለው የሚታዩበት ጊዜ አለ። ቀን ቀን ታጭዶ በቀረው ማሳ ላይ ተበትነው ይለቅማሉ፤ ሲመሽ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ለማደር ይሰበሰባሉ።

ዋስትና ያለው ቦታ ከፈለጋችሁ ፎገራ ላይ ብቻ አትሙቱ። ከባሕር ዳር በግልገል ዓባይ በኩል ጭምባ የሚባል ረግረግ አለ፤ ወደዚያ ሂዱ። ለማደር ሲገቡ ለማየት አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቦታ ያዙ። ከአካባቢው ልጆች አንዱን አስከትሉ፤ ጭቃው የት እንደሚያሰምጥ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እማማ ቦቲ ጫማ ያድርጉ። ደማቅ ልብስ አትልበሱ፤ ነጭ ነጠላውንም መኪና ውስጥ ይተዉት፣ ከሩቅ ያያሉ። ከመንገድ ዳር ሆናችሁ ብታዩ ይበልጣል እንጂ አትጠጓቸው። አንዴ ከተነሱ ያን ምሽት ሌላ ማደሪያ ሲፈልጉ ነው የሚመሽባቸው።

የወላላ እረኛ፦

ጭምባን ካያችሁ በኋላ ግን ወላላም ኑ። እናትሽ ቤታቸው የት ጋ እንደነበር ትንገረኝ፤ በርብ በኩል ከሆነ ወላጆቿን ላውቃቸው እችላለሁ። የጥንቱ ውሃ ዳር የት እንደነበር እኔም እሷም ቆመን ብናሳይ፣ የቀበሌው ልጆች ወሰኑን ይመዘግቡታል። እንዲያ የሚያስታውስ ሰው እያነሰ ነው፤ ዘንድሮ ብትመጡ ደስ ይለኛል።