ካምቢዮው ተከፍቶ ተሠራ፤ አሁን እንዴት ላለማምደው?

ባለ አባዱላ (ጠያቂ)

ሰላም ወንድሞች። የምነዳው አባዱላ ነው፤ 5ኤል ናፍጣ ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ። መስመሬ ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን ነው። ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ እየጮኸ፣ ሦስተኛው እየተንገራገጨ ቆየና በመጨረሻ ካምቢዮው ወረደ። የሁለተኛና የሦስተኛ ሲንክሮ ቀለበት፣ ኩሽኔታዎቹ በሙሉ፣ የኋላው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ተቀይረዋል። እግረ መንገዱን የፍሪሲዮን ዲስኩም አዲስ ገብቷል። ጥርሶቹ ደህና ናቸው ተብለው የድሮዎቹ ተመልሰዋል።

መካኒኩ «ምንም የለውም፣ እንደ ድሮው ንዳ» አለኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ካምቢዮም እንደ ሞተር ይለማመዳል፣ 1,000 ኪሎሜትር እስኪሞላ ተጠንቀቅ» ይላል። ማንን ልስማ? ሌላው፣ ጠዋት ጠዋት ሁለተኛ ማርሽ ጠንከር ይላል። መኪናው ሲሞቅ ይለቃል። ይሄ ጤነኛ ነው?

የቸኮልኩት ባለንብረቱ ቅዳሜ ሰርገኛ ይዘህ ደሴ ሂድ ስላለኝ ነው። ሙሉ ሰው፣ ፖርቶ መጋላው ላይም ዕቃ አለ።

የቃሊቲው መካኒክ

እንኳን ሥራው አለቀልህ ወንድሜ። ባልደረባህ ያለው ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ግን ልንገርህ። ምክንያቱን ካወቅህ ሁሉን ነገር ሰው መጠየቅ አይኖርብህም።

አዲሱ የሲንክሮ ቀለበት ውስጡ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አሉት። ማርሽ ስታስገባ ቀለበቱ የጥርሱን ሾጣጣ ፊት ይይዛል፣ መስመሮቹ መሃል ላይ ያለውን ዘይት ይጠርጋሉ፣ የሁለቱ ፍጥነት እኩል ይሆናል፣ ከዚያ ማርሹ ይገባል። አንተ ጋ ቀለበቱ አዲስ፣ ሾጣጣው አሮጌ ነው። ሁለቱ ገና አልተገናኙም። ተፋጭተው ሙሉ ለሙሉ እስኪገጥሙ ድረስ ማርሹ ትንሽ ጠንከር ቢል አይግረምህ። በዚህ ጊዜ በጉልበት ከገፋህ ግን ቀለበቱ ሳይለምድ ይበላል። መልሰህ ካምቢዮ ልታወርድ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ርገጥ። እጅህን አትቸኩል፤ ማርሹን በመግቢያው ላይ ጫን አድርገህ ያዘውና ራሱ ሲቀበልህ አስገባው። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስትመልስ በተለይ ፍጥነቱ ይውረድልህ። የኋላ ማርሽ በአብዛኛው ሲንክሮ የለውም። መኪናው ቀጥ ብሎ ሳይቆም፣ ፍሪሲዮን ረግጠህም ትንሽ ሳትጠብቅ እንዳትነካው። ስታሽከረክርም እጅህን የማርሽ ዘንግ ላይ አታሳርፍ። የእጅህ ክብደት ውስጥ ያለውን ማርሽ የሚያስገባ ሹካ ይገፋዋል፣ ሹካውም ያለ ሥራው ይፋቃል።

ስለ ፍሪሲዮኑ ሁሉም ሰው ይረሳል። አዲስ ዲስክ ከቮላኖው (ከሞተሩ ጋር ከሚዞረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ጋር እስኪገጥም ከ500 እስከ 800 ኪሎሜትር ይፈልጋል፤ ያውም ማርሽ የሚበዛበት የከተማ መንገድ ይሻለዋል። ዳገት ላይ መኪናውን በፍሪሲዮን አንጠልጥለህ አትቁም፤ የእጅ ፍሬን ተጠቀም። ዲስኩ አንዴ ከተቃጠለ በኋላ የሚድን ነገር አይደለም።

የአይሱዙ ሾፌር

ጋሼ የተናገሩት እንዳለ ሆኖ፣ የደሴውን ጉዞ እኔ ብሆን ለሌላ መኪና አስተላልፈዋለሁ። ዳገቱ አይደለም ያሳሰበኝ፤ ጣርማ በር ላይ ቁልቁለቱ ነው። ወደ ደብረ ሲና ሙሉ ጭነት ይዘህ በሁለተኛና በሦስተኛ ስትወርድ መኪናውን የሚይዘው ካምቢዮው ነው። ጥርሱ በዳገት ከሚሠራበት ፊት በተቃራኒው ይጫናል፣ ረጅም ሰዓት፣ ያለ እረፍት። አዲስ ኩሽኔታ እንደዚህ ያለ ጭነት በመጀመሪያው ሳምንት ማየት የለበትም።

እባክህን ደግሞ ቁልቁለቱን ማርሽ ዜሮ አድርገህ አትውረድ። «ካምቢዮውን ላሳርፈው» ብለው የሚያደርጉት አሉ። ካምቢዮው የሚቀባው የታችኛው ዘንግ ሲሽከረከር ዘይቱን ወደ ላይ እየረጨ ነው፤ ያንን ዘንግ ደግሞ የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ዜሮ ላይ ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር፣ ጎማው ግን የኋላውን ዘንግ በሙሉ ፍጥነት ሲያሽከረክረው፣ የሚረጨው ዘይት ትንሽ ነው። ሞተር አጥፍቶ መውረድማ ጭራሽ አይወራም። ፍሬኑም ይግላል፤ የያዝከው ሰው ነው።

መኪናው ቢበላሽና ቢጎተትም ያው ነው። የኋላ ጎማው መሬት ላይ ሆኖ ረጅም መንገድ አይጎተት፣ ወይም ካርዳኑ (ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ዘንግ) ይፈታ።

ባለ አባዱላ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ሁላችሁም ተባረኩ። ቁልቁለቱን በዚህ በኩል አስቤው አላውቅም ነበር። ባለንብረቱን ግን ምን ልበለው? መኪናው ጋራዥ የቆመበትን ቀን ሁሉ ቆጥሯል። ደብረ ብርሃንስ መሥራት እችላለሁ?

የቴክኒክና ሙያ መምህር

ደብረ ብርሃን በደንብ ትሠራለህ። መንገዱ ወደ 130 ኪሎሜትር ነው፤ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ስትሠራ 520 ገደማ ትሞላለህ፣ በአራቱ ከ1,000 ታልፋለህ። የተፈቀደውን ሰው ብቻ ጫን፣ ፖርቶ መጋላውን ባዶ ተወው። ሜዳ ላይ አንድ ፍጥነት ይዘህ አትቆይ፤ አንዴ 60፣ አንዴ 80 እያልክ፣ አራተኛና አምስተኛን እያቀያየርክ ንዳ። በአምስተኛ እየተንቀጠቀጠ ዳገት አታስወጣው፣ አንድ ማርሽ ቀንስ። ለባለንብረቱ ይህንኑ ንገረው፦ ሥራው አልቆመም፤ የሚቀረው አንድ የደሴ ጉዞ ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ግን ዘይቱን ተከታተል። እኔ ለተማሪዎቼም ይህንን ነው አጥብቄ የምነግረው። ሞተር ፊልትሮ አለው፤ አብዛኛው ማንዋል ካምቢዮ የለውም። ቀለበቱና ኩሽኔታው ሲላመዱ የሚወጣው የብረትና የነሐስ ዱቄት የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ከያዘው በስተቀር ዘይቱ ውስጥ ይዞራል። አዲሱን ኩሽኔታ መልሶ የሚበላው እሱ ነው። የመጀመሪያው ዘይት እስከ 1,000 ኪሎሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ መውጣት አለበት።

ምን ዘይት ነው የሞሉልህ? ዕቃው ላይ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 የሚል ጽሑፍ አለ። ጂኤል-5 በዋናነት ለዲፈረንሻል የተሠራ ነው፤ ከፍ ያለ ጫና የሚችል ቅመም በብዛት አለው። አንዳንዱ ቅመም ነሐስ ያጠቃል፤ ከዚያም በላይ ቀለበቱን እያንሸራተተ ማርሽ መግባትን ያዘገያል። ሁለቱንም የሚቀበል ካምቢዮ አለ፣ ስለዚህ የመኪናውን መመሪያ እይ። ውፍረቱ 75ደብሊው-90 (በብርድም ቀጠን ብሎ የሚቆይ) ከሆነ ለደብረ ብርሃን ጠዋት በጣም ጥሩ ነው። ከተማዋ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፣ ብርዱን ታውቀዋለህ። ወፍራም ዘይት በዚያ ብርድ ስለሚከብድ ሁለተኛ ማርሽ ጠዋት የሚያስቸግርህ በከፊል ከዚያ ሊሆን ይችላል።

የቃሊቲው መካኒክ

መምህር፣ በአንድ ነገር አልስማማም። 1,000 ድረስ አልጠብቅም፤ እኔ በ500 ነው የማወጣው። እሱ ጋ አሮጌ ጥርስና አዲስ ቀለበት ተቀላቅሏል፤ ሲገጣጠምም ጋራዥ ውስጥ ምን ዓይነት አቧራ እንደገባ አናውቅም። የሁለት ሊትር ምናምን ዘይት ዋጋ ከካምቢዮ ማውረጃ ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛውን ዘይት በተለመደው ጊዜ ይቀይር።

ስታወጣው ልጄ፣ መኪናው ሞቆ ይሁን፣ ሜዳ ላይ ቁም። መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍታ። እሱ አልፈታ ቢልና ዘይቱን ቀድመህ ብታፈስ መሙያ ታጣለህ። ስትሞላ ከመሙያው ቀዳዳ መፍሰስ ሲጀምር በቂ ነው። ከዚያ በላይ መሙላት ዘይቱን አረፋ ያደርገዋል፣ አዲሱን ፓራኦሊዮም ያስለቅሰዋል።

አዲስ አባል

ይቅርታ፣ በዚሁ ጥያቄ መሃል ልግባ። የእኔ ኮሮላ አውቶማቲክ ናት፤ እሷም ካምቢዮዋ ተሠርቶ ወጣ። ይሄ ሁሉ ለእኔም ይሠራል?

ከቨርጂኒያ

እህቴ ወይም ወንድሜ፣ አውቶማቲክ ሌላ ነው። እዚህ ታክሲ ስለምሠራ ይህን ጉዳይ በቅርብ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ መጠየቅ ያለብሽ የዘይት ማቀዝቀዣውና ቱቦዎቹ መታጠባቸውን ነው። የድሮው ካምቢዮ ሲበላሽ የወጣው ቆሻሻ እዚያ ውስጥ ይቀራል፤ ሳይታጠብ ከገጠመ አዲሱን ሥራ ያበላሸዋል። ዘይቱም ልክ ይሁን፤ ቲ-4 የተባለውን የቶዮታ ዘይት የሚጠይቀው ላይ ደብሊውኤስ የተባለው አይሞላም፣ በተገላቢጦሹም። የዘይት መለኪያ ዘንግ ያለው ከሆነ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ማርሹን በሁሉም ቦታ አሳልፈሽ ፒ ላይ መልሰሽ ለኪው። ኮምፒውተሩም በድሮው ካምቢዮ የተማረውን ይዞ ስለሚቆይ በማሽን ይጥፋለት። ከዚያ በቀስታም በመጠነኛ ፍጥነትም እየቀያየርሽ ንጂ፤ ሙሉ ነዳጅ አትርገጪ።

የቴክኒክና ሙያ መምህር

ለባለ አባዱላ አንድ ልጨምር፤ የድምፅ ነገር። ማርሽ ዜሮ ሆኖ የሚሰማ ጉርምርምታ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ከጠፋ፣ የካምቢዮው የፊት ዘንግ ኩሽኔታ ጋ ፈልግ። በተቃራኒው ስትረግጥ ከጀመረ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ማርሽ ራሱን ካወጣ ደግሞ «ይለምዳል» ብለህ አትጠብቅ። ያ የመገጣጠም ጉድለት ወይም ያለቀ ዕቃ ሊሆን ስለሚችል ያለ ምንም ጊዜ ማጥፋት ወደ ሠራው ሰው መልሰው።

ባለ አባዱላ

ወንድሞች፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ባለንብረቱ ነገሩን ሲሰማ ተስማማ፤ ሰርገኛው በሌላ መኪና ሄደ። 500 ሲሞላ ዘይቱን አወጣሁ። የነበረው ወፍራም 90 ነበር፣ አሁን 75ደብሊው-90 ጂኤል-4 ሞላሁ። ሁለተኛ ማርሽ ጠዋትም ይገባል፤ ትንሽ ብቻ ይይዛል። ማግኔቱ ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ነገር ነበር። ዘይቱንም በፀሐይ ሳየው ወርቅ ወርቅ ያብለጨልጫል። ይሄ ያስፈራል?

የቃሊቲው መካኒክ

አያስፈራም። ግራጫው የብረት ዱቄት ነው፣ የሚያብለጨልጨው የአዲሱ ቀለበት ነሐስ። በጣትህ ስታሸው እንደ ዱቄት ከላመ ደህና ነው። ጥፍር የሚይዘው ስባሪ ወይም የጥርስ ጫፍ የመሰለ ነገር ካገኘህ ግን ፎቶ አንሳና አሳየኝ፣ መኪናውንም አታንቀሳቅስ። የማፍሰሻው ቡሎን ስር ያለችው ቀለበት ካልተቀየረች በአዲስ ተካት፤ ማታ ስታቆም ከስር ካርቶን አንጥፍና ጠዋት ጠብታ ካለ እይ።