ዋርፋሪኑ ይቀየር ወይስ ይቆይ?

የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። የ34 ዓመት እህቴ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም (የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ ደም በቀላሉ እንዲረጋ የሚያደርግ ሕመም) አለባት፤ ሦስቱም የፀረ እንግዳ አካል ምርመራዎቿ ፖዘቲቭ ናቸው። ባለፈው ወር የልቧ ደም ሥር ተዘግቶ አዲስ አበባ ስቴንት (የደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገባላት። አሁን ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ሦስት መድኃኒቶች፣ አስፕሪን፣ ክሎፒዶግሬልና ዋርፋሪን፣ አንድ ላይ ትወስዳለች፤ ድዷ ይደማል።

አይ ኤን አሯ (ዋርፋሪኑ ደሟን ምን ያህል እንዳቀጠነው የሚያሳየው የደም ምርመራ ቁጥር) ከ2 እስከ 3 እንዲሆን ነግረውናል። በጾሙ ጎመን ስታበዛ 1.6 ወረደ፣ ስትተወው 4.1 ወጣ። (እናታችን አሁንም ጎመኑን «ደም ይሆናታል» እያለች ታቀርባለች።)

አንድ ሐኪም ይህ ምርመራ ወደማያስፈልገው ሌላ የደም ማቅጠኛ፣ ሪቫሮክሳባን፣ እንቀይር አሉን። በ2018 የታተመ ጥናት ግን እንደ እርሷ ባሉ ሕሙማን ላይ ሪቫሮክሳባን ከዋርፋሪን የበለጠ የደም መርጋት እንደታየበት አንብቤ ፈራሁ።

የልብና የደም ሐኪሞች ሆይ፣ ይህን ለሐኪሙ እንዴት ላንሳ? አስፕሪኑስ መቼ ይቆማል? እዚህ ከተማ በየሳምንቱ አይ ኤን አር የሚለካበት ቦታ የምታውቁ እባካችሁ ጠቁሙኝ።