ለቅሬታዬ የተሰጠኝ መልስ ዝውውር ነው፤ ልቀበለው ወይስ ልልቀቅ?

ከሒሳብ ክፍል (ጠያቂ)
በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የክፍሉ ኃላፊ ከሥራ ሰዓት ውጭ እየደወለ፣ ቢሮ ውስጥም ብቻዬን ሲያገኘኝ ከሥራ ጋር የማይገናኝ ጥያቄ እያነሣ ለወራት ሲያስቸግረኝ ቆይቶ፣ እንደማልስማማ ሲረዳ የሥራ አፈጻጸም ነጥቤን ዝቅ አደረገው። መጀመሪያ ለሰው ሀብት አስተዳደር በቃል ተናገርኩ፤ «እስቲ ትንሽ ታገሺ» ከመባል ሌላ መልስ ስላላገኘሁ ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ አመለከትኩ።

የሰው ሀብት ኃላፊዋ ሁለታችንንም አስጠርታ፣ ሁለት አንጋፋ ሠራተኞች በተቀመጡበት፣ ነገሩ «እንደ ቤተሰብ» በሽምግልና እንዲያልቅ ጠየቀችን። የጠየቅኩት ማጣራት እንጂ ዕርቅ አለመሆኑን ስናገር ስብሰባው ያለ ቃለ ጉባዔ ተበተነ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደመወዜ ሳይነካ ወደ ቃሊቲ ቅርንጫፍ መዛወሬን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ እርሱ እዚያው ወንበሩ ላይ ነው። ዝውውሩን ካልፈለግኩ «በግል ምክንያት» ብዬ መልቀቂያ ባስገባ ጥሩ የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንደሚጻፍልኝም በጎን ተነግሮኛል። ድርጅቱ በሕግ የሚጠበቅበት ይህ ብቻ ነው? ብዛወር ወይም ብለቅስ መብቴ ምን ይሆናል?

የቀድሞ የሰው ሀብት ባለሙያ
እኅቴ፣ በወንበሩ በዚያኛው በኩል ለዓመታት ስለተቀመጥኩ እዚያ ምን እንደሚታሰብ ልንገርሽ። አንድ ቅሬታ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚጠየቀው «እውነት ነው ወይ?» ሳይሆን «ማንን ብናጣ ይከብደናል?» የሚለው ነው። የዓመቱን ሒሳብ የሚዘጋውና ከኦዲተሮች ጋር የሚነጋገረው እርሱ ከሆነ፣ አንቺን ማዛወር በአንድ ገጽ ደብዳቤ ያልቃል፤ እርሱን መመርመር ግን ኮሚቴ፣ ምስክር፣ እገዳና ምናልባትም ክስ ይጠይቃል። ቃለ ጉባዔ ያልተያዘውም በመርሳት አይደለም። እኔ ራሴ በአንድ ወቅት እንዲህ ያለ ስብሰባ ሳይመዘገብ እንዲያልፍ አድርጌአለሁ፤ ልጅቷ ከሦስት ወር በኋላ ለቀቀች፣ በፋይሏ ውስጥም ስለ ጉዳዩ አንድም ወረቀት አልነበረም።

አብዛኞቹ ድርጅቶች የማያስተውሉት ግን መዘግየቱ ራሳቸውንም እንደሚጎዳ ነው። ወሲባዊ ትንኮሳ የፈጸመን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብት አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። «ነገሩ ይብረድ» እየተባለ ሁለት ወር ሲያልፍ፣ ያ መሣሪያ ከእጃቸው ወጥቷል ማለት ነው።

ሁለት ልጆች አሉኝ
እንዲህ ባለ ጉዳይ ሁሉም ሰው ወደ ክስ ሲገፋፋ አያለሁና የተለየ ሐሳብ ልስጥ። ፍርድ ቤት ጊዜ ይወስዳል፣ ከተማውም በሙያው ጠባብ ነው፤ ከአንዱ ቢሮ የተባለው ሌላው ቢሮ ይደርሳል። ሽማግሌ ተቀምጦ ሰውየው ጥፋቱን አምኖ ይቅርታ ቢጠይቅ፣ ነጥቡም ቢስተካከል ምን ክፋት አለው? ደመወዙ ካልተነካ ቃሊቲም ቢሆን ሥራ ነው።

የሥራ ክርክር ጠበቃ
ሽምግልና ክፉ ነው የሚል ሰው የለም፤ ነገር ግን አንደኛው ወገን የሌላኛውን ደመወዝና ዕድገት በእጁ ይዞ በተቀመጠበት ዕርቅ፣ ሽማግሌዎቹም የዚያው ድርጅት ተቀጣሪዎች በሆኑበት፣ እምቢ ማለት የሚችለው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ወደ ጠያቂዋ ልመለስ። ከሁሉ አስቀድመው ሰውየው በሕጉ አነጋገር «የሥራ መሪ» ነው ወይስ ከእርስዎ በላይ የተቀመጠ ሠራተኛ የሚለውን ይለዩ፤ «ኃላፊ» የሚለው መጠሪያ ብቻውን አይወስነውምና፣ የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድና የማሰናበት ሥልጣን እንዳለው ይጣራ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁለቱን ለያይቶ ያያቸዋል። ትንኮሳውን የፈጸመው አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ከሆነ ሠራተኛዋ በአንቀጽ 32 መሠረት ያለ ማስጠንቀቂያ ውሏን ማቋረጥ ትችላለች፤ ከሥራ ስንብት ክፍያው ሌላም የ90 ቀን ደመወዝ ካሳ ይገባታል። በዚያው አንቀጽ በሌሎቹ ምክንያቶች ለሚለቅ ሠራተኛ ካሳው የ30 ቀን ነው። ፈጻሚው የሥራ ባልደረባ ከሆነ ግን፣ የስንብት ክፍያው የሚገኘው ድርጊቱ ለአሠሪው ተነግሮት በወቅቱ ተገቢውን እርምጃ ሳይወስድ ሲቀር ነው። ስለዚህ በሁለተኛው መንገድ ጉዳዩ ሁሉ የሚንጠለጠለው «አላወቅንም» እንዳይሉ በሚያደርግ ወረቀት ላይ ነው። የዝውውር ደብዳቤው ቅሬታዎን ጠቅሶ ከሆነ ማወቃቸውን ራሳቸው አምነዋል።

በአንቀጽ 32 የመልቀቅ መብት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ከቆመበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል። ወደ ቃሊቲ ሄደው ትንኮሳው ቢቆም ቀኑን ከዚያ ጀምረው ይቆጥሩብዎታል። በዚህ መንገድ የሚለቅ ሠራተኛ ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን በጽሑፍ ማሳወቅ ስላለበት፣ «በግል ምክንያት» የምትለዋ ሐረግ የጠቀስኩትን ካሳ በገዛ ፊርማዎ የምታስቀር ናት። ደግ መስላ ነው የምትቀርበው! ባይለቁና ድርጅቱ በዚህ ሰበብ ቢያሰናብትዎ፣ በአሠሪ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ሕጋዊ የስንብት ምክንያት እንደማይሆን አንቀጽ 26 በግልጽ ይናገራል። ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ በሦስት ወር፣ ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ለሥራ ክርክር ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ ጠበቃ ማቆም ለሚቸግራቸው ሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። (ይህ ሁሉ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ነው።)

ከሜሪላንድ
እዚህ አሜሪካም ድርጅቶች መጀመሪያ ራሳቸውን ነው የሚጠብቁት። የሚለየው የሚፈሩት ነገር ነው፤ ከዋናው አድልዎ ይልቅ ብዙውን ጊዜ የሚከሰሱት ቅሬታ ባቀረበ ሰው ላይ በሚወስዱት የበቀል እርምጃ ነው። ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤቱታ የሚቀርበው በ180 ቀን፣ በብዙ ግዛቶች ደግሞ በ300 ቀን ውስጥ ነው። እኔ በሆቴል ሥራ ላይ ሳለሁ ካመለከትኩ በኋላ ፈረቃዬ ወደ ሌሊት ሲቀየር ያዳነኝ ቀኑንና ሰዓቱን የጻፍኩበት ደብተር ነበር። አንቺም ስልክ የደወለበትን ሰዓት ሳይቀር መዝግቢ፣ የቀድሞውንና የአሁኑን የአፈጻጸም ነጥብሽንም ቅጂ ያዢ።

ከሒሳብ ክፍል (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የዝውውር ደብዳቤውን እንደገና ሳነበው «ባቀረቡት ቅሬታ መነሻነት» ይላል፤ ለካ ይህን ያህል ክብደት ያለው ቃል ነበር። ማመልከቻዬ ግን መዝገብ ቤት ገቢ አልሆነም፤ እጅ በእጅ ነበር ለኃላፊዋ የሰጠኋት። ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያውን ቀን ጠቅሼ፣ ስሙንና የሥራ ድርሻውን አስገብቼ፣ ዝውውሩንም እንደማልቀበል ገልጬ አዲስ ማመልከቻ አስገባሁ፤ ቅጂዬም ላይ ማኅተምና ገቢ ቁጥር አስደረግኩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ «ርእሰ ጉዳዩን ምን ብዬ ልመዝግበው?» ስትለኝ፣ ማመልከቻው ላይ እንደተጻፈው እንድትመዘግበው ነገርኳት።