በመበደር መቀነስ፦ በእንጨት ይሠራሉ፣ ደብተር ላይ ይሳሳታሉ

ሰላም መምህራን፣ የ2ኛ ክፍል ልጆች ናቸው። መደመሩ ላይ ችግር የለም፤ 8 + 5ን «8 እና 2 አስር፣ 3 ሲጨመር 13» ብለው በቃላቸው ያወጣሉ። 52 − 27 ሲመጣ ግን ብዙዎቹ 35 ይጽፋሉ።

መጀመሪያ የቁጥሮቹ ምርጫ ራሱ አሳስቶን ነበር። 7 − 2 ብሎ የገለበጠውም፣ ተበድሮ 5ቱን 4 ማድረግ የረሳውም እኩል 35 ላይ ይደርሳሉ። በ53 − 27 ብትተኩት ይለያል፦ የገለበጠ 34፣ የረሳ 36። በዚህ ስናጣራ አብዛኞቹ ገልባጮች ናቸው።

አስር አስሩን በላስቲክ የታሰረ እንጨት ሲሰጣቸው አንዱን እስር ፈትተው፣ 4 እስርና 13 ነጠላ አድርገው 26ን ያገኛሉ። እንጨቱ ሲነሳ ወደ 34 ይመለሳሉ።

ጥያቄያችን፦ በእንጨቱና በደብተሩ መካከል ምን ታስገባላችሁ? እስሩን በመስመር፣ ነጠላውን በነጥብ ማሳል ሠርቶላችኋል? ወይስ መበደሩን ለጊዜው ትቶ በቁጥር መስመር ከ27 ወደ 30፣ ወደ 50፣ ወደ 53 (3 + 20 + 3) ማስቆጠር ይሻላል? ሁለቱን በአንድ ሳምንት ማስተማር ያምታታቸዋል ብለን ፈርተናል። ከ60 በላይ ልጅ ባለበት ክፍል የሞከራችሁ ብትመልሱልን ደስ ይለናል።