ማዘጋጃ ቤቱ «በጀት የለም» ብሎናል፤ የሰፈሩን ቦይ በምን እናሠራ?

ጠያቂ (የኮሚቴው ጸሐፊ)፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። በአንዲት ትንሽ ከተማ የሰፈራችን ልማት ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። የጎርፍ መውረጃ ቦያችን ግንቡ ተንዷል፣ ውስጡን ደለልና ፌስታል ሞልቶታል። ክረምት ሲገባ ውሃው ወደ ጤና ጣቢያው በር ይዞራል። ማዘጋጃ ቤት ሄደን ስንጠይቅ «ያለው በጀት ከደመወዝ አያልፍም፤ ግማሹን ካዋጣችሁ ግማሹን እንችላለን» አሉን። ነዋሪው ግን መዋጮ የሚባል ነገር መስማት አይፈልግም። ባለፈው የተዋጣው የት እንደገባ የሚነግረው አላገኘም። ሰው ሳናስቀይም እንዴት እንሰብስብ? አቅመ ደካማውስ?

ነጋዴው፦
ምንም አታዋጡ! ግብር የምንከፍለው ለምንድን ነው? ዛሬ ቦይ ካላችሁ ነገ የመብራት ይሏችኋል።

የሂሳብ ሠራተኛዋ፦
ነጋዴው እውነቱን ነው፣ ግን ቦዩን አይሠራልንም። የከተማ ገንዘብ ሁለት ኪስ አለው። አንዱ ከክልል የሚወርደው ድጎማ ነው፤ አብዛኛውን የመምህርና የጤና ባለሙያ ደመወዝ ይጨርሰዋል። ሌላው ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ የሚሰበስበው ነው፦ ሊዝ፣ የቦታ ኪራይ፣ ጣሪያና ግድግዳ፣ የገበያ፣ የቄራ። መንገድና ቦይ በአብዛኛው ከዚህ ከሁለተኛው ነው የሚሠራው። ስለዚህ «በጀት የለም» ሲሏችሁ የትኛው ነው የሌለው በሏቸው። ጣሪያና ግድግዳ የሚባለው ግብር እኮ መነሻው የ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ነው። በዚያ ዘመን የቤት ግምት በሚሰበሰብ ግብር የዛሬን ሲሚንቶ መግዛት አይቻልም። አዲሱ የንብረት ታክስ አዋጅ 1365/2017 ይህን ለመለወጥ ነው የወጣው። እስኪሰበሰብ ግን ጎርፉ አይጠብቅም።

ሌላው ነገር ጊዜው ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያልቃል፣ ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል። ሐምሌ ላይ ደግሞ ማን ቦይ ይቆፍራል? ሥራው መስከረም ካለፈ በኋላ እንዲጀመር፣ ጥያቄያችሁ የቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ሲዘጋጅ በደብዳቤ መግባት አለበት። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥሩን ያዙ። ምክር ቤቱ ካጸደቀ በኋላ ብትጮሁ የሚሰማ የለም።

ጸሐፊው፦
እህቴ ተባረኪ። ገንዘቡ በማን እጅ ይግባ?

የሂሳብ ሠራተኛዋ፦
ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሂሳብ ከገባ ሞዴል 64 የሚባለውን የመንግሥት ገንዘብ መቀበያ ደረሰኝ ተቀበሉ። በካርኒ ብጫቂ እንዳትሸኙ። በኮሚቴው ስም ከሆነ ደግሞ ባንክ ይግባ፣ ሦስት ፈራሚ ይኑረው፣ አንዷ ሴት ብትሆን ደስ ይለኛል (እናቶች ሲጠይቁ ጠንካራ ናቸው)። ገቢና ወጪውን በየወሩ ጤና ጣቢያው በር ላይ ለጥፉ። የማዘጋጃ ቤቱን «ግማሽ» ደግሞ ማኅተም ባረፈበት ስምምነት ያዙት። በቃል የተሰጠ ግማሽ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

ጋሽ ጡረተኛ (ውሃ ሥራ የነበሩ)፦
ልጆቼ፣ በገጠር ውሃ ፕሮጀክት ስንሠራ ኅብረተሰቡ ጥሬ ብር ብቻ አይደለም የሚያዋጣው። ድንጋይ ያቀርባል፣ አሸዋ ያቀርባል፣ ጉልበቱን ይሰጣል። ግዢውንም ራሱ ኮሚቴው የሚፈጽምበት አሠራር ነበር። ደለሉን መጥረግ በጉልበት አድርጉት። ብር የሚጠይቀው ሲሚንቶውና ግንበኛው ነው። ከተማችሁ የሴፍቲኔት ፕሮግራም (ችግረኛ ነዋሪዎች ሠርተው የሚደገፉበት) ካለባት ደግሞ ለጽዳት የሚሰማሩትን ተጠቃሚዎች ወደ ቦዩ እንዲመድቡላችሁ ጠይቁ።

የዕድር ጸሐፊዋ፦
አቅመ ደካማ ማን ነው በሚል አትጨቃጨቁ። በጤና መድን መዋጮ መክፈል የማይችሉ ተብለው መንግሥት የሚሸፍንላቸው ሰዎች ዝርዝር ቀበሌ አለ። እሱን ተጠቀሙ። ከዚያ የቀረውን ዕድር ያውቀዋል። ስማቸውን ግን እንዳትለጥፉ፣ ነውር ነው።

ከዋሽንግተን፦
እኛ እዚህ ያለን ልጆች እንረዳለን። ግን «ለሰፈር ልማት» ብላችሁ አትላኩልን። ስንት ሜትር፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ፣ ስንት ግንበኛ በሉን። የተጻፈ ነገር ሲኖር ብር በቀላሉ ይሰበሰባል።

ነጋዴው፦
እሺ ተረትቻለሁ። ግን ለጥበቃ ደመወዝና ለቢሮ ወረቀት የሚጠየቅ መዋጮ ካለ እኔ የለሁበትም።

የሂሳብ ሠራተኛዋ፦
እዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ። በየወሩ የሚደጋገም ወጪ በመዋጮ አይሸፈንም፤ የመንግሥት ግዴታ ነው። መዋጮ አንዴ ተሠርቶ ለሚያልቅ ነገር ብቻ።

ጸሐፊው፦
ጤና ጣቢያው የውስጥ ገቢ አለው ይላሉ። እሱንስ ብንጠይቅ?

የሂሳብ ሠራተኛዋ፦
የሚወስነው ቦርዱ ነው፤ የበራቸውን ግንብ ሊያሠሩ ይችላሉ። ግን ያ ገንዘብ መድኃኒትም የሚገዛበት ስለሆነ መጨረሻ ላይ ብትጠይቁ ይሻላል።

ጋሽ ጡረተኛ፦
አንዲት ሳንቲም ከመሰብሰባችሁ በፊት መሐንዲስ ይዛችሁ ቦዩን አስለኩ። የመሐንዲስ ግምት ሳይኖር ግማሹ ስንት እንደሆነ በምን ታውቁታላችሁ?