91 ኪሎ ሜትር ዋሻ ለአንዲት ኒውትሪኖ?

ዳዊት፦ ሰርን፣ የአውሮፓው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል፣ ጄኔቫ አካባቢ ለአዲስ ኮላይደር (ቅንጣቶችን አፍጥኖ ለሚያጋጭ መሣሪያ) ሊቆፍረው ያሰበው ዋሻ ዙሪያው 91 ኪሎ ሜትር ነው፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ 15 ቢሊዮን የስዊዝ ፍራንክ ገደማ ይፈጃል። ከሚቀርቡት ምክንያቶች አንዱ «የኒውትሪኖ (ቁስን ሳትነካ የምታልፍ ያህል ስስ የሆነች ቅንጣት) ክብደት ከየት እንደመጣ እናገኛለን» የሚል ነው። ለእኔ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ክብደት እንዳላት የታወቀው በኮላይደር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1998 ጃፓን ውስጥ ከተራራ ሥር 50 ሺህ ቶን ውሃ በተጠራቀመበት የኒውትሪኖ መመልከቻ ነው። ጀርመን ካርልስሩህ ያለው ካትሪን የተባለው ሙከራም በ2025 ከ0.45 ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ክብደትና ጉልበት መለኪያ) እንደማትበልጥ አሳይቷል። ገንዘቡ ለእንዲህ ዓይነቶቹ ይሁን።

ጋሽ መንገሻ፦ «ክብደት» አትበል፣ መጠነ ቁስ በል። በዚህች ቃል የስንቱን ተማሪ ነጥብ ቆርጫለሁ!

ሕሊና፦ ዳዊት፣ ሁለት ጥያቄ አደባለቅህ። ካትሪን የሚለካው ስንት እንደሆነ ነው፤ ከየት እንዳመጣችው አይነግርህም። ኤሌክትሮን መጠነ ቁሱን ከሂግስ (ለቅንጣቶች መጠነ ቁስ ከሚሰጠው መስክ) የሚያገኘው ግራኝም ቀኝም (በሽክርክሪት አቅጣጫ የሚለዩ ሁለት ዓይነት) ስላለው ነው። ኒውትሪኖ ግን እስከ ዛሬ የታየችው ግራኟ ብቻ ናት። ቀኟ የት ገባች? ከባድ ሆና ተደብቃ ከሆነ ዜድ የምትባለው ከባድ ቅንጣት ስትፈርስ አልፎ አልፎ ልትወጣ ትችላለች። የሰርን የቀድሞ ኮላይደር ሌፕ ከ1989 እስከ 2000 ያየው 17 ሚሊዮን ገደማ ዜድ ነው፤ አዲሱ ኮላይደር በትሪሊዮን ያመርታል። ከባዷ ከግጭቱ ቦታ ሴንቲ ሜትሮች፣ ምናልባትም ሜትር ተጉዛ ስትፈርስ ዱካዎቹ ከባዶ ቦታ የፈለቁ ይመስላሉ። እንዲህ ያለ ምልክት በቀላሉ ከሌላ ጋር አይምታታም።

ዳዊት፦ «ሲሶ» የሚባለውን መላምት እናንሳ እንግዲህ (ሲሶ እርቦ አይደለም፤ ልጆች ሳንቃ ጫፍና ጫፍ ተቀምጠው አንዱ ሲወርድ ሌላው የሚወጣበት ነው)። ግራኟ እንዲህ የቀለለችው ቀኟ ስለከበደች ነው ይላል። በተለመደው ስሌት ቀኟ 100 ትሪሊዮን ጊጋ ኤሌክትሮን ቮልት (ባጭሩ ጊጋ፤ አንዱ ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው) ገደማ ናት። የዛሬው ትልቁ ኮላይደር የደረሰው 13.6 ሺህ ጊጋ ላይ ነው። ዋሻው ምድርን በወገቧ ቢዞርም አይደርስባትም።

ሕሊና፦ «በተለመደው ስሌት» ያልካት ናት ነገሩ። ያ ስሌት ኒውትሪኖ ከሂግስ ጋር ያላትን ትስስር ከታወቁት ቅንጣቶች ሁሉ ከባዱን፣ የቶፕ ኳርክን ያህል ያደርገዋል። የኤሌክትሮንን ያህል ቢሆን ቀኟ ወደ ጥቂት ሺህ ጊጋ ትወርዳለች፤ ትስስሩ ከዚያም ቢሳሳ ከዜድ መጠነ ቁስ በታች ትገባለች። እርግጥ ያን ጊዜ ምልክቷ እጅግ ደካማ ነው፤ ትሪሊዮን ዜድ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ናሆም፦ ሺፕ የተባለውን ሙከራ ረሳችሁት። ሰርን በ2024 ያጸደቀው ነው፤ ያለውን የ400 ጊጋ ፕሮቶን ጨረር ከባድ ብረት ላይ ይለቅና ከኋላው እንዲህ ያሉትን ድብቅ ቅንጣቶች ይፈልጋል። 91 ኪሎ ሜትር መቆፈር የለም።

ሕሊና፦ ሺፕ ጥሩ ነው፣ ግን እስከ ጥቂት ጊጋ ብቻ። ከዚያ በላይ አያይም።

ጋሽ መንገሻ፦ ልጄ፣ ባትገኝስ? ጀርመን የሰርንን በጀት አንድ አምስተኛ ያህል ትከፍላለች፤ እሷም በ2024 የገንዘቡ ዕቅድ አልተዋጠላትም።

ሕሊና፦ ባትገኝ፣ ጋሼ፣ «በዚህ መጠነ ቁስና በዚህ ትስስር የለችም» እንላለን። ከዚያ ውጭ ልትኖር ትችላለች።

ዳዊት፦ ለዚህ 15 ቢሊዮን?

ሕሊና፦ ለዚህ ብቻ አይደለም። ዋናው ሂግስን አጥርቶ መለካት ነው።

ዳዊት፦ ታዲያ በኒውትሪኖ ስም አትለምኑ።

ሕሊና፦ ይህችን ተቀብያለሁ። ኒውትሪኖ ምርቃት ናት።

ናሆም፦ የአባል አገራቱ ውሳኔ ወደ 2028 ገደማ ነው የሚጠበቀው። እስከዚያ ሺፕ ይገንባ።