ቤንዛቲን ስሰጥ መርፌው እየተዘጋብኝ ተቸገርኩ፤ ልምድ ያላችሁ እርዱኝ

ጠያቂ (ጀማሪ ነርስ፣ ጤና ጣቢያ)
ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ የተመረቅኩ ነርስ ነኝ፣ የምሠራው ገጠር ጤና ጣቢያ ነው። የሩማቲክ የልብ ሕመም (ከጉሮሮ ኢንፌክሽን ተነሥቶ የልብ ቫልቭ የሚጎዳ ሕመም) ኖሮባቸው በየ4 ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን 1.2 ሚሊዮን ዩኒት የሚወጉ ታካሚዎች አሉን። አንዷ የ17 ዓመት ተማሪ ናት። መድኃኒቱ ግማሽ ሳይደርስ መርፌው ይዘጋል፣ እንደገና እወጋታለሁ፣ እያለቀሰች ትሄዳለች። ባልደረቦቼ ደግሞ «ቤንዛቲን ሰው ይገድላል» ብለው ሆስፒታል ሪፈር ማድረግ ይመርጣሉ። ሆስፒታሉ ሩቅ ነው፣ የትራንስፖርት ገንዘብ የላትም፣ ልትቀር ትችላለች ብዬ እፈራለሁ። አቀላቀሉን፣ ቦታውን፣ አደጋ ቢመጣ የማደርገውን ንገሩኝ።

ብራዘር (የሕክምና ዋርድ)
ፈርተሽም ቢሆን ላለመተው መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው። ልጅቷ መርፌውን ካቋረጠች የጉሮሮ ኢንፌክሽን በመጣ ቁጥር የልብ ቫልቯ የበለጠ ሊጎዳ ይችላል።

የሚዘጋው በአብዛኛው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛው ውኃ ማሳነስ ነው። «ብዙ ከሆነ ያማታል» ብለው ዲስቲልድ ዋተሩን የሚቀንሱ አሉ፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ እንደ ሊጥ ይወፍራል። ቫያሉ (የዱቄቱ ብልቃጥ) ላይ የተጻፈውን መጠን ሙሉውን ጨምሪ። ሁለተኛው ቀጭን መርፌ ነው። ሰማያዊው ባለ 23 ጌጅ (ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል) ለዚህ አይሆንም፤ አረንጓዴውን 21 ወይም ቢጫውን 20 ተጠቀሚ። ሦስተኛው ቀላቅሎ ማስቀመጥ ነው። ቤንዛቲን አይሟሟም፣ ዱቄቱ ውኃው ውስጥ ተንሳፍፎ ነው ያለው፤ ካርድ እስክትጽፊ ከቆየ ይዘቅጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ታካሚዋን አስተኚ፣ ቦታውን ለይተሽ አጽጂ፣ ከዚያ ቫያሉን በመዳፍሽ መካከል እያንከባለልሽ አዋህጂውና ወዲያው ስጪ። በአንዱ መርፌ ቀድተሽ በአዲስ መርፌ ውጊ። ስትገፊ በዝግታ፣ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይውሰድ፣ ግን መሃል ላይ አታቁሚ፤ ካቆምሽ ይረጋል።

የክሊኒካል ፕራክቲስ አስተማሪ
እኔ ስለ ቦታው ልጨምር። ብዙዎቻችን የተማርነው መቀመጫን አራት ቦታ ከፍሎ የላይኛውን የውጭ ክፍል መውጋት ነው። ክፍፍሉ በግምት ሲሆን ከመቀመጫ ወደ እግር የሚወርደው ሳያቲክ ነርቭ ሊነካ ይችላል፤ ሰውየው ከዚያ በኋላ እግሩን እየጎተተ ሊሄድ ይችላል። የዳሌው ጎን ይሻላል፣ ትልቅ ነርቭና ትልቅ የደም ሥር የለበትም።

ቀኝ ዳሌዋ ከሆነ በግራ ጎኗ ትተኛ፣ የላይኛውን ጉልበቷን አጠፍ ታድርግ። የግራ መዳፍሽን ከዳሌዋ ጎን ሲዳበስ በሚገኘው የጭን አጥንት ጉብታ ላይ አሳርፊ፣ አውራ ጣትሽ ወደ ብሽሽቷ ይዙር። ጠቋሚ ጣትሽ የፊተኛውን የዳሌ አጥንት ጫፍ ይንካ፣ የመሃል ጣትሽን ወደ ኋላ ክፈቺው። መውጊያው በሁለቱ ጣቶች መካከል ነው። ቦታውን ከለየሽ በኋላ ጣቶችሽን አንሺ፣ ራስሽን እንዳትወጊ። በአልኮል ከጠረግሽ በኋላ ይድረቅ፤ እርጥብ አልኮል ያቃጥላል። ጥጡም በብልቃጥ ውስጥ ቀድሞ ተነክሮ የዋለው አይሁን፣ ጀርም ያፈራል።

በክትባት ጊዜ ሲሪንጁን ወደ ኋላ ስቦ ማየት አያስፈልግም። በቤንዛቲን ግን ሳቢ፣ ደም ከመጣ አውጪውና በአዲስ ዝግጅት ጀምሪ። ደም ሥር ውስጥ ከገባ ልብ ሊያቆም ይችላል።

ሲስተር (ኢመርጀንሲ)
የባልደረቦችሽ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም፣ መልሱ ግን መዘጋጀት ነው። መርፌውን ከማንሳትሽ በፊት አድሬናሊን አጠገብሽ ይኑር። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ወስዳ ሽፍታ፣ እብጠት ወይም የመተንፈስ ችግር ገጥሟት እንደሆነ በየጊዜው ጠይቂ። ከሰጠሽ በኋላ 30 ደቂቃ አቆያት።

ብትወድቅ ሁለቱን ለዪ። ፊቷ ገርጥቶ፣ ልቧ ቀስ ብሎ እየመታ፣ ስትተኛና እግሯ ከፍ ሲል ከተሻላት ራስን መሳት ነው። ቆዳዋ ላይ ሽፍታ ከወጣ፣ ከንፈሯ ካበጠ፣ ትንፋሿ ካፏጨ፣ የልብ ምቷ ከፈጠነ ግን አናፊላክሲስ (ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ) ነው፤ በእሷ ዕድሜ አድሬናሊን 0.5 ሚሊግራም፣ ማለት የ1 ሚሊግራም አምፑል ግማሽ፣ ጭኗ የውጭ ጎን ጡንቻ ላይ ወዲያው። ካልተሻላት ከ5 ደቂቃ በኋላ ድገሚ። ሃይድሮኮርቲዞን ስትፈልጊ ጊዜ አታጥፊ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቫልቫቸው ክፉኛ የተጎዳ፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ታካሚዎች ከመርፌው በኋላ ሲወድቁ መነሻው ሁልጊዜ አለርጂ አይደለም፣ የደከመው ልብ ራሱ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2022 ለእነዚህ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት እንዲታሰብ መክሯል። የልጅቷን ሁኔታ ከሐኪሟ አጣሪ።

አባል
እኔ የጽዳት ሠራተኞችን እንዳይወጋ ብዬ ክዳኑን መልሼ ነው የምጥለው። ልክ ነኝ?

ሲስተር (ኢመርጀንሲ)
ሐሳብዎ ጥሩ ነው፣ ግን ክዳን ሲመልሱ ነው ብዙዎች የሚወጉት። እንዳለ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይጣሉት፣ ቦክሱም ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋ። ከተወጉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይታጠቡ፣ አይጭመቁት፣ ወዲያው ያሳውቁ። የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲጀመር ይሻላል።

ታካሚ (አዲስ አበባ)
ነርስ አይደለሁም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ይህንኑ መርፌ የምወስድ ነኝ። ሁለት ነገር ልበል። ቁርስ በልቶ፣ ውኃ ጠጥቶ መምጣት ይረዳል፤ እባካችሁ ተኝተን ስጡን። ሌላው ቀጠሮ ነው። «በሚቀጥለው ወር በዚህ ቀን» አትበሉን። 4 ሳምንት 28 ቀን ነው፣ የኛ ወር 30። ከነሐሴ 10 እስከ መስከረም 10 ጳጉሜን ሲጨመር 35 ወይም 36 ቀን ነው፣ ከ28ቱ ቀን ያለፈውን 7 ወይም 8 ቀን ባዶ ነን።

ጠያቂ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገ ጠዋት አድሬናሊኑ መኖሩንና ጊዜው አለማለፉን አያለሁ። የልጅቷ ቀጠሮ ማክሰኞ ነው። ያለን 23 ጌጅ ብቻ ቢሆንስ?

ብራዘር (የሕክምና ዋርድ)
ዛሬውኑ ፋርማሲውን 21 ጠይቂ፣ አራት ቀን አለሽ። ከጣቢያው ከጠፋ ከወረዳው ወይም በአቅራቢያሽ ካለው ጤና ጣቢያ ጥቂት ተዋሺ።